አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ስድስት የቃላት ዝርዝር

(በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል)

እንደምን አደራችሁ። በአንዲት ተማሪ ልጀምር። የነርሲንግ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን እየሠራች ነበር። ወደ መረጃ ዴስኩ መጥታ ‹‹ይቅርታ፣ እናንተ ጋ የነርሲንግ ዳታቤዝ የለም እንዴ?›› አለችኝ። አለን። ያውም በየዓመቱ ብዙ ከምንከፍልባቸው አንዱ ነው። ‹‹ነይ እስቲ፣ አብረን እንየው›› አልኳትና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩት።

ድረ ገጻችንን ከፈተች። የዳታቤዞች ዝርዝር ውስጥ ገባች። ‹በትምህርት ዘርፍ ይምረጡ› የሚለውን ተጫነች። ‹ነ› ላይ ፈለገች፤ ነርሲንግ የሚል የለም። ‹ጤ› ላይ ሄደች። ጤና የሚል አለ፤ ስትከፍተው ግን ስለ ኅብረተሰብ ጤና ሁለት ዳታቤዞች ብቻ ናቸው ያሉት። የምትፈልገው ‹ሕክምና› ሥር ነበር። ከዓመታት በፊት ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ነርሲንግን ሕክምና ውስጥ ጨምሮታል። ከዚያ ወደ ዋናው መፈለጊያ ሄድን። እዚያ በጎን ያለው ማጣሪያ ‹የጤና ሳይንስ› ይላል። የተመራቂዎች ጽሑፍ የሚቀመጥበት ሪፖዚተሪ ስንገባ ደግሞ ‹ነርሲንግ›፣ ‹ነርስ›፣ ‹ነርሶች›፣ ‹የነርስ ሙያ› የሚሉ አራት ቃላት ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ሥር የተወሰኑ ጽሑፎች አሉ። አንዱ ሥር ያለው ሌላው ሥር የለም።

ልጅቷ ዞር ብላ ‹‹ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ?›› አለች። ዝም አልኩ። ሁሉም ትክክል ነበሩ። እያንዳንዱን ቃል የመረጠው ሰው በራሱ ቦታ ሆኖ ሲያየው አልተሳሳተም። የተሳሳተው ነገር አንድም ሰው ስድስቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አለማየቱ ነው።

ስድስት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። የናንተንም ቁጠሩት። አንደኛ ካታሎጉ አለ። ሁለተኛ ሁሉን በአንድ ሳጥን የሚፈልገው ዲስከቨሪ አለ። ሦስተኛ የዳታቤዞች ዝርዝር። አራተኛ ከጥቅስ ወደ ሙሉ ጽሑፍ የሚወስደው ሊንክ ሪዞልቨርና ከኋላው ያለው የጆርናሎች ቋት። አምስተኛ ሪፖዚተሪው። ስድስተኛ ለየትምህርት ክፍሉ የምናዘጋጃቸው የምርምር መመሪያ ገጾች። የካታሎጉን ቃል የሚመርጠው ካታሎገር ነው። የዳታቤዞቹን ዝርዝር የሚያዘጋጀው የኢ-ሪሶርስ ባለሙያ ነው። የጆርናሎቹን ምድብ የሚያመጣው አቅራቢው ድርጅት ነው። ሪፖዚተሪው ውስጥ ራሱ ተማሪው ይጽፋል። የመመሪያ ገጾቹን እያንዳንዱ ላይብረሪያን በራሱ ስሜት ይሰይማል። አንድ ተቋም ነው፤ የሚናገርበት አፍ ግን ስድስት ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1876 ቻርልስ ካተር የተባለ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለካታሎግ ደንብ አወጣ። ካታሎግ ምን ማድረግ አለበት ብሎ ጠየቀ። መልሱ ዛሬም አልተሻረም። ሰው ደራሲውን፣ ርዕሱን ወይም ጉዳዩን ካወቀ መጽሐፉን ማግኘት አለበት፤ ቤተ መጻሕፍቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያለውን ሁሉ ደግሞ ካታሎጉ ማሳየት አለበት። ‹ያለውን ሁሉ› የሚለው ላይ ቆም በሉ። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ያለውን ሁሉ በአንድ ላይ ለማሳየት አንድ ጉዳይ አንድ ስም ብቻ ሊኖረው ይገባል። ሌሎቹ ስሞች አይጣሉም። ወደ ተመረጠው ስም የሚመሩ ጠቋሚዎች ይሆናሉ። በካርድ ዘመን ‹ተመልከት› የሚል ካርድ ነበር። አንባቢው በፈለገው ቃል መሳቢያውን ይከፍታል፤ ካርዱ እጁን ይዞ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይወስደዋል።

የአሜሪካው ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ የራሱን የርዕሰ ጉዳይ ቃላት፣ ማለትም መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ የሚናገሩ ቃላት፣ መሰብሰብ የጀመረው በ1898 ነው። ያ ዝርዝር ዛሬ በብዙ አገሮች የዩኒቨርሲቲ ካታሎጎች ውስጥ አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በ1960 ሜሽ የተባለውን የሕክምና ቃላት ዝርዝር አወጣ። ዛሬ 30 ሺህ ገደማ ዋና ቃላት አሉት፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ሜሽ ውስጥ ‹ካንሰር› ብላችሁ ብትገቡ ‹ኒዮፕላዝምስ› ወደሚለው ይወስዳችኋል። ‹ሃርት አታክ› ብትሉ ‹ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን› ጋ ያደርሳችኋል። የሐኪሙም የበሽተኛውም ቃል ተመዝግቧል። አንደኛው ቤት ነው፣ ሌላኛው በር ነው።

ኦንላይን ስንመጣ ምን ተፈጠረ? መሳቢያው አንድ መሆኑ ቀረ። ስድስት መሳቢያ ተሠራ። ‹ተመልከት› የሚለው ካርድ ግን አንደኛው ውስጥ ብቻ ቀረ፤ ካታሎጉ ውስጥ። አንዳንድ ጊዜም እዚያው አለ፣ ግን ስክሪኑ ላይ እንዲታይ ማንም አላበራውም።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚመጣ ጥያቄ አለ። ‹‹ሰርች አለ አይደል? ማን ነው ዛሬ በርዕሰ ጉዳይ ቃል የሚፈልግ? ሁሉም ኪወርድ፣ በአእምሮው የመጣለትን ቃል፣ ነው የሚጽፈው›› ይባላል። ከአስተዳደር በኩል በተለይ። በቁም ነገር የሚነሳ ጥያቄ ስለሆነ በቁም ነገር ልመልስ። በ2005 ቲና ግሮስና አርሊን ቴይለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈተሹት። ሰዎች በካታሎግ ውስጥ በኪወርድ ከሚያገኟቸው መዝገቦች ስንቱ የተገኘው ቃሉ የርዕሰ ጉዳይ መስኩ ውስጥ ብቻ ስላለ ነው ብለው ቆጠሩ። ከሦስቱ አንዱ በላይ ሆነ። የርዕሰ ጉዳይ ቃላቱ ባይኖሩ እነዚያ መዝገቦች በኪወርድም አይወጡም ነበር ማለት ነው። ኪወርድ የሚሠራው ሌላ ሰው ቀድሞ ቃሉን ስላስገባለት ነው። ተማሪው ያንን ሰው አያየውም።

ሌላም አለ። በ1987 ጆርጅ ፈርናስና ባልደረቦቹ ሰዎች አንድን ነገር እንዴት እንደሚሰይሙ አጠኑ። ሁለት ሰዎች ለአንድ ነገር በራሳቸው ሐሳብ ተመሳሳይ ቃል የመምረጥ ዕድላቸው ከ20 በመቶ በታች ሆኖ አገኙት። እስቲ አስቡት። ከአምስት ጊዜ አራቱን አንገናኝም። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ ቋንቋ እንዲህ ነው። ስለዚህ ‹‹ተማሪዎች ትክክለኛውን ቃል ይልመዱ›› የሚለው መፍትሔ እንደማይሠራ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። መልመድ ያለበት ሲስተሙ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ። ይህንን ክፍል ትንሽ ላስረዝመው፤ ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ስለማይነኩት።

‹ሥነ ሕይወት› የሚለውን ቃል ውሰዱ። ‹ሥ› በንጉሡ ‹ሠ› ወይም በእሳቱ ‹ሰ› ሊጻፍ ይችላል። ሁለት አማራጭ ነው። ‹ሕ› በሐመሩ ‹ሐ›፣ በሃሌታው ‹ሀ› ወይም በብዙኃኑ ‹ኀ› ተጽፎ ይገኛል። ሦስት። ሁለቱ ቃላት ተለያይተው፣ በሰረዝ ተያይዘው ወይም ተጣብቀው ይጻፋሉ። እሱም ሦስት። ሁለት ሲባዛ በሦስት ሲባዛ በሦስት 18 ነው። ለአንድ ጉዳይ 18 አጻጻፍ። ሰው ሲያነባቸው ልዩነቱ አይሰማውም። ኮምፒውተር ግን 18 የተለያዩ ቃላት ያያል፤ ፊደሎቻችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገቡ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ኮድ ተሰጥቶታልና። መሰጠቱ ትክክል ነው። ፊደሎቹ የተለያዩ ናቸው፤ በግዕዝ ትርጉም ይለውጣሉ። ነገር ግን ማጣሪያው ላይ 18 መስመር ይፈጠራል። በዚህ ላይ ‹ባዮሎጂ› የሚለውን ጨምሩበት። ‹የሕይወት ሳይንስ›ንም ጨምሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ሥራ አለ፤ ብዙ ጊዜ እናምታታቸዋለን። አንደኛው የፍለጋ ሥራ ነው። መፈለጊያው ሀን፣ ሐን፣ ኀን እንደ አንድ፣ ሰንና ሠን እንደ አንድ፣ አንና ዐን እንደ አንድ፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል። ይህ ከኋላ በሚሠራ የማመሳሰያ ሠንጠረዥ የሚያልቅ ነገር ነው። ባለሙያው ሠንጠረዡን አንዴ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ አንባቢው በፈለገው ፊደል ይጻፍ። ሁለተኛው የማሳያ ሥራ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቃል አንድ አጻጻፍ ብቻ ይኑረው። የቱ ይሁን በሚለው ላይ የጦፈ ክርክር ሲካሄድ አይቻለሁ። በኔ እምነት ሥርወ ቃሉን የጠበቀው ይመረጥ፤ ሌሎቹ ሁሉ ጠቋሚ ይሁኑ። ግን ሌላውን ብትመርጡም አልጣላም። ዋናው ነገር አንዱን መርጦ፣ ጽፎ፣ ለሁሉም ማሳወቅ ነው። ሳይጻፍ የቀረ ስምምነት ሰው ሲቀየር ይጠፋል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አንድ አጻጻፍ፣ ሁለት ጉዳይ። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ሪፖዚተሪውን ስናጸዳ ኦፕን ሪፋይን የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ተጠቀምን። የሚመሳሰሉ ቃላትን በዘለላ ሰብስቦ ‹‹እነዚህ አንድ ናቸው ወይ?›› ብሎ የሚጠይቅ ግሩም መሣሪያ ነው። አንዱ ዘለላ ‹ዘር›፣ ‹ዘር.›፣ ‹ ዘር › የሚሉትን ሰብስቦ አመጣ። ነጥብና ክፍት ቦታ ብቻ ነው የሚለያቸው። አዎ ብዬ አዋሃድኳቸው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አንድ የሶሲዮሎጂ መምህር ደወለልኝ። ‹ዘር› የሚለውን ሲጫን ስለ ዘረኝነት ከተጻፈው ጽሑፍ ቀጥሎ ስለ ምርጥ ዘር ማባዣ የተጻፈ የግብርና ጥናት ይመጣበታል። ቀድሞም ችግሩ ነበር። እኔ ግን በአጋጣሚ ተለያይተው የነበሩትን ጨርሼ ቀላቀልኳቸው። መልሶ ለመለየት እያንዳንዱን ጽሑፍ መክፈት ነበረብኝ።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ከቃሉ ጎን በቅንፍ መለያ ይቀመጣል። ‹ዘር (የእጽዋት)›፣ ‹ዘር (የሰው ልጅ ምድብ)›። በዓለም አቀፍ ዝርዝሮችም ‹ሜርኩሪ (ፕላኔት)› እየተባለ ከብረቱ ይለያል። አማርኛ ላይ ይህ በጣም ያስፈልገናል፤ ጽሕፈታችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይማ። ‹ዋና› ውኃ ውስጥ ነው ወይስ ዋነኛ? አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳል። የርዕሰ ጉዳይ ቃል ግን ብቻውን ነው የሚቆመው፤ ዐረፍተ ነገር የለውም።

እሺ። አሁን ወደ ሥራው አደረጃጀት።

ብዙ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያየሁት ትልቁ ስሕተት ሁለት ዓይነት ዝርዝሮችን አንድ አድርጎ ማየት ነው። አንዱ ሰፊው ዝርዝር ነው። ለእያንዳንዱ መጽሐፍና ጽሑፍ ይዘት የሚሰጥ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር፣ ጥቃቅን ጉዳዮችን የሚለይ። የላይብረሪ ኦፍ ኮንግረሱ ቃላትና ሜሽ እዚህ ናቸው። ሌላው ጠባቡ ዝርዝር ነው። ተማሪው ‹‹በኔ ትምህርት ዘርፍ ምን አላችሁ?›› ብሎ ሲገባ የሚያየው። ዳታቤዞችን፣ ጆርናሎችን፣ የመመሪያ ገጾችን የሚመድብ። አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ብዙ ሺህ ጆርናል ሊኖር ይችላል። እሱን ‹የሽንት ፊኛ በሽታዎች› ብሎ መሰየም ትርጉም የለውም። ‹ሕክምና› ይበቃዋል። በተቃራኒው ደግሞ አንድን የዶክትሬት ጽሑፍ ‹ሕክምና› ብሎ ማለፍ መደበቅ ነው።

ሁለቱን ስናምታታ የሚሆነውን ላሳያችሁ። አንድ ቦታ የዳታቤዞች ዝርዝሩን ‹‹ከካታሎጉ ጋር አንድ እናድርገው›› ተብሎ የካታሎጉ ቃላት ተገለበጡበት። ቀና ሐሳብ ነው። ውጤቱ ግን ተማሪ ሊያነበው የማይችል ረጅም ተቆልቋይ ዝርዝር ሆነ። አብዛኞቹ ቃላት ሥር አንድ ዳታቤዝ ብቻ። የመናበብ ጥያቄ ‹ሁሉም ቦታ ያው ቃል ይሁን› ማለት አይደለም። ጠባቡ ዝርዝር በሁሉም ቦታ ያው ጠባብ ዝርዝር ይሁን፤ ሰፊውም በሁሉም ቦታ ያው ሰፊ ዝርዝር ይሁን፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ድልድይ ይኑር ማለት ነው። ‹ነርሲንግ› የሚለው ጠባብ ቃል በሰፊው ዝርዝር ውስጥ የትኞቹን ያቅፋል? ያንን አንዴ ቁጭ ብሎ መወሰን ነው።

ጠባቡ ዝርዝር ስንት ቃል ይኑረው? እኔ ከ50 ባይበልጥ እመርጣለሁ። ተማሪ በአንድ እይታ ሊቃኘው የሚችል ይሁን። የትምህርት ክፍሎቹን ስም እንዳለ መገልበጥም አልወድም፤ የትምህርት ክፍል ይዋሃዳል፣ ይከፈላል፣ ስሙ ይቀየራል። ዘርፉ ግን ይቆያል።

አሁን ዋናው ነጥቤ ጋ ደርሻለሁ። ለእያንዳንዱ ቃል መለያ ቁጥር ስጡት። ቃሉ የሰው ነው፤ ቁጥሩ የሲስተሙ ነው። ሲስተሞቹ በቃሉ ሳይሆን በቁጥሩ ይነጋገሩ።

ለምን? ቃል ይለወጣልና። በ2010 ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ስለ ምግብ ዝግጅት የሚለውን የቆየ ቃል፣ ‹ኩከሪ› የሚለውን፣ ‹ኩኪንግ› በሚል ተካው። አንድ ቃል ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከሱ ጋር ተያይዘው የሚጻፉ በርካታ ቃላት አብረው ተለወጡ። ቃሉን በቁጥር ያያያዘ ካታሎግ ውስጥ ለውጡ ዋናው መዝገብ ላይ አንዴ ይገባል፤ ሁሉም ቦታ ይታያል። ቃሉን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስገባ ካታሎግ ውስጥ ግን አሮጌው መጽሐፍ በአሮጌው ቃል፣ አዲሱ በአዲሱ ይቀራል። አንባቢው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያያል። ሌላው መኖሩንም አያውቅም።

ለውጡ ከቃላት ማዘመን በላይ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በ2014 በአሜሪካ የሚገኘው የዳርትመዝ ኮሌጅ ተማሪዎች በካታሎጋቸው ውስጥ ስደተኞች ‹ሕገ ወጥ ባዕዳን› ተብለው መመደባቸውን አይተው ይቀየር ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ወደ ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ሄደ። በ2016 እንለውጣለን የሚል መልስ መጣ። ከዚያ የአሜሪካ የሕግ አውጪዎች ጣልቃ ገቡና ነገሩ ቆመ። በመጨረሻ በኖቬምበር 2021 ቃሉ ተነሣ፤ ‹ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች› እና ‹ሕገ ወጥ ስደት› በሚሉት ተተካ። ሰባት ዓመት። በዚህ መካከል አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት አልጠበቁም። መዝገቡን ሳይነኩ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቃል ብቻ በራሳቸው ቀየሩ። ይህን ማድረግ የሚችለው የሚታየው ቃልና የሚሠራው መለያ ለየብቻ የተቀመጡለት ቤተ መጻሕፍት ነው። ስለ ሰዎች የምንጠቀምበት ቃል ክብራቸውን ይነካል። የሚሰደብበትን ቃል ተጭኖ ስለ ራሱ ማንበብ ያለበት ተማሪ ሊኖር አይገባም። የቴክኒክ አደረጃጀታችን ይህንን የሚከለክል ከሆነ አደረጃጀቱ ነው መለወጥ ያለበት።

ለዚህ የሚሆን ደረጃ አለ። ስኮስ ይባላል፤ የዓለም አቀፉ ድር ማኅበር በ2009 ያጸደቀው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ጉዳይ ቋሚ መለያ አለው። ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ተመራጭ ስም ይኖረዋል፤ ሌሎች ስሞች እንደ ጠቋሚ ይቀመጣሉ። ከሱ የሚሰፋና ከሱ የሚጠብ ጉዳይ ይያያዝበታል። ልብ በሉ፣ በአንድ መለያ ሥር የአማርኛም፣ የእንግሊዝኛም፣ የሌላም ቋንቋ ተመራጭ ስም መያዝ ይቻላል። ‹ግብርና› ብሎ የፈለገው ተማሪና በእንግሊዝኛ የፈለገው መምህር አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

በማርክ፣ የካታሎግ መዝገብ ለኮምፒውተር በሚጻፍበት ቅርጽ፣ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የርዕሰ ጉዳይ ቃል በሚገባበት መስክ 650 ላይ የሚቀመጠው ሁለተኛው አመልካች፣ የቃሉን ምንጭ የሚናገረው አሃዝ፣ ጌጥ አይደለም። 0 ከሆነ ቃሉ የመጣው ከላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ነው፤ 2 ከሆነ ከሜሽ ነው፤ 7 ከሆነ ምንጩ በንዑስ መስክ 2 ውስጥ ይጻፋል። የራሳችሁን ቃል 650 ውስጥ 0 ብላችሁ አታስገቡ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ቃል ማንም ሊያድሰው አይችልም። ቁጥጥር የሌለው ቃል ከሆነ 653 አለለት። ዲስከቨሪያችሁም የትኞቹን መስኮች ማጣሪያ ላይ እንደሚያሳይ ጠይቁ። 653ን ከ650 ጋር ደባልቆ ካሳየ ካታሎገሩ በየቀኑ የሚለፋበት ሥራ ስክሪኑ ላይ ይጠፋል።

ሪፖዚተሪውማ የተለየ ነው። አብዛኞቹ ደብሊን ኮር በሚባለው ቀላል የመዝገብ ቅርጽ ይሠራሉ። ከ15ቱ መሠረታዊ መስኮች አንዱ ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ ተማሪው የፈለገውን ይጽፍበታል። ተማሪውን አልከለክልም። ቃሉ ትኩስ ነው፤ ገና የትም ዝርዝር ውስጥ ያልገባ አዲስ ጉዳይ ይዞ ይመጣል። ግን ሁለት መስክ አድርጉት። አንዱ ተማሪው በነጻ የሚጽፍበት፣ ሌላው ከዝርዝር የሚመርጥበት። ማጣሪያው ላይ የሚወጣው ሁለተኛው ብቻ ይሁን።

ስለ ድልድዩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአንዱን ዝርዝር ቃል ከሌላው ጋር ስታያይዙ ‹እኩል ነው› ለማለት አትቸኩሉ። ‹ግብርና› እና ‹እርሻ› ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፤ ግብርና ከብት እርባታውንም ያቅፋል። እኩል ነው ካላችሁ ኮምፒውተሩ ያምናችኋል። ከሦስተኛ ዝርዝር ጋር ሲያያዝ ደግሞ ስሕተቱ ይወረሳል፤ ሀ ከለ እኩል፣ ለ ከመ እኩል እያለ የማይገናኙትን ያገናኛል። ስለዚህ ‹በትክክል አንድ ነው›፣ ‹ይቀራረባል›፣ ‹ይሰፋል›፣ ‹ይጠብባል› የሚሉትን ለይታችሁ መዝግቡ። በ2013 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይሶ 25964 ክፍል 2፣ ስለዚሁ ጉዳይ ነው በዝርዝር የሚናገረው። እኔ ስጠራጠር ሁልጊዜ ‹ይቀራረባል› እላለሁ። በኋላ ማጥበቅ ይቻላል።

የማንቆጣጠረውም አለ። ዲስከቨሪው ውስጥ ያሉት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጽሑፎች ከየአቅራቢው የመጡ ናቸው። የትምህርት ጥናቶቹ ኤሪክ ቲሳውረስ በሚባለው የቃላት ዝርዝር፣ የሕክምናዎቹ በሜሽ፣ የሥነ ልቦናዎቹ ሳይክ ኢንፎ በሚባለው ዳታቤዝ ቃላት፣ ሌሎቹ ደራሲው በጻፈው ኪወርድ። ሁሉም አንድ ማጣሪያ ውስጥ ይፈስሳሉ። ይህንን እናስተካክላለን ብላችሁ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። የናንተ የሆኑትን አስተካክሉ፤ የዳታቤዝ ዝርዝሩን፣ የመመሪያ ገጾቹን፣ ሪፖዚተሪውን፣ የራሳችሁን መዝገቦች። ከአቅራቢው የሚመጣውን የጆርናል ምድብ ደግሞ ስትችሉ ወደ ጠባቡ ዝርዝር ቁጥር አዙሩት፤ ካልቻላችሁ ተማሪ እንዳያየው ዝጉት።

ለመጀመር ትልቅ ሶፍትዌር አያስፈልግም። አንድ ሠንጠረዥ በቂ ነው። የመጀመሪያው ዓምድ መለያ ቁጥር። ሁለተኛው ተመራጭ ቃል። ሦስተኛው ተለዋጭ ቃላት። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ሲስተም አንድ አንድ ዓምድ፤ ያ ሲስተም አሁን ምን ብሎ እንደሚጠራው። ይህን ሠንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞሉ ነው ችግራችሁን የምታዩት። ባዶ ሕዋስ ይኖራል፤ አንድ ሕዋስ ውስጥ አራት ቃል ይኖራል። እኛ ያንን ወረቀት አትመን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ስብሰባ ላይ ለሰዓታት ስናወራ ያልገባቸው ሰዎች አንዴ አይተው ገባቸው።

ሠንጠረዡ ባለቤት ይኑረው። በስም የሚታወቅ አንድ ሰው፣ ከሱ ጎን አንድ ተተኪ። ፋይሉ በማንም የግል ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥ። አንድ የማውቀው ቤተ መጻሕፍት ለዓመታት የተለፋበትን ዝርዝር ያጣው የያዘው ባለሙያ ሥራ ሲለቅ ነው። ሰውየው አልደበቀውም፤ የጠየቀው አልነበረም። ለውጥ የሚገባበትም ቀን የተወሰነ ይሁን። በየቀኑ የሚለወጥ ዝርዝር ስድስቱ ቦታ እኩል አይደርስም። እኛ በሴሚስተር አንዴ ነው የምንለውጠው። በመካከል የሚመጣው ጥያቄ ይመዘገባል፤ አስቸኳይ የሆነው ብቻ ወዲያው ይገባል። አስቸኳይ የምለው ሰውን የሚጎዳ ቃል ሲሆን ነው።

እና ደግሞ ባዶ የተመለሱ ፍለጋዎችን አንብቡ። ሁሉም መፈለጊያ ማለት ይቻላል ይመዘግባቸዋል። እኔ ሰኞ ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ የምከፍተው እሱን ነው። የማንም ስም የለበትም፤ ቃላት ብቻ ናቸው። ሰዎች በራሳቸው አፍ ምን ብለው እንደጠሩት እዚያ ታያላችሁ። አንዳንዱ የፊደል ግድፈት ነው። አንዳንዱ በእውነት የሌለን ነገር ነው፤ ለግዢ ክፍል ይተላለፋል። ከሁሉ የሚቆጨኝ ያለን ሆኖ በሌላ ስም የተቀመጠው ነው። እሱ እዚያው ሠንጠረዡ ላይ፣ ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ይገባል።

‹ነርሲንግ› አሁን ‹ነ› ላይ አለ። ‹ነርስ› ብሎ የጻፈም፣ ‹የነርስ ሙያ› ያለም እዚያው ይደርሳል። ከሥሩ ዳታቤዞቹ፣ የመመሪያ ገጹና የተመራቂዎቹ ጽሑፎች አብረው ይታያሉ። ሊንክ ሪዞልቨሩ ገና ቀርቶናል፤ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይዘነዋል። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ፤ በተለይ ስለ ፊደሎቹ የምትከራከሩኝ ካላችሁ ጊዜ አለን።